የኋላ ፍሬን ይዞ ሲቀርና ሲግል፦ ከሐረጎ ቁልቁለት በፊት በቤት የሚደረግ ፍተሻ

1. መግቢያ

በሬ ከመጥመዳችን በፊት ጫንቃው ቆስሎ እንደሆነ እናያለን፤ ሰኮናውንም እንመለከታለን። ምርታችንን ወደ ገበያ የሚያወርደው ፒክ አፕ፣ አይሱዙ ወይም ባጃጅም እንደዚሁ መታየት አለበት። ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ ደጋ ድንች፣ ገብስና ባቄላ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ አርሶ አደር ሞተሩ እንዲነሣ የሚጨነቀውን ያህል ፍሬኑ እንዲለቅ መጨነቅ ይኖርበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኋላ ጎማ ፍሬን ፔዳሉ ከተለቀቀ በኋላም ጎማውን ይዞ ሲቀርና ሲግል፣ ምክንያቱን በቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል እውቀት ማስጨበጥ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ተሳታፊው፦

• የችግሩን ምልክቶች ይለያል፤
• ችግሩ ከእጅ ፍሬን ካቦ፣ ከፍሬን ዘይት ግፊት ወይስ ከታምቡሩ ውስጥ እንደሆነ ይለያል፤
• በቤት የሚሠራውንና ወደ ጋራዥ የሚሄደውን ይለያል።

ብዙ ሰው "ፍሬኑ ትንሽ ይዟል እንጂ ይሠራል" ብሎ ጭኖ ይነሣል። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። ደሴ ላይ አልለቅም ያለ ፍሬን ሐረጎ ላይ አልይዝም ይላል። ምክንያቱ ቀጥሎ ተብራርቷል።

2. የእኛ መንገድ ለምን ይቅርታ የለውም?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,850 ሜትር ገደማ ይጀምራል። ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ እንወርዳለን ማለት ነው።

ይህ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በቀላል ስሌት እንመልከት። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክ አፕ 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩና ነፋሱ ከዚህ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የቀረውን የሚሸከመው ፍሬኑ ነው።

ጤነኛ ፍሬን በሁለት ጠመዝማዛ መካከል ፔዳሉ ሲለቀቅ ነፋስ አግኝቶ ይቀዘቅዛል። ይዞ የቀረ ፍሬን ግን ዕረፍት የለውም፤ ገና ከደሴ ሳይወጣ መጋል ይጀምራል። በዚያ ላይ የቁልቁለቱ ሙቀት ሲጨመርበት አራት ነገሮች ይከተላሉ፦

• ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም።
• ታምቡሩ በሙቀት ይሰፋል፤ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል።
• የፍሬን ዘይቱ ሊፈላ ይችላል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ መጠን ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል። እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ የእግራችን ኃይል ወደ ጎማው አይደርስም፤ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ይነካል።
• ሙቀቱ በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይተላለፋል። ጎማው ሊፈነዳ ወይም ሊቀጣጠል ይችላል። ጭድ ወይም ድርቆሽ የጫነ መኪና ከሆነ አደጋው የባሰ ነው።

3. ፍሬን እንዴት ይለቃል?

ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ችግሩን ለማግኘት ግን እንዴት እንደሚለቅ ማወቅ ይበልጣል። ታምቡር ያለው የኋላ ፍሬን እንዲለቅ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

ሀ. የእጅ ፍሬኑ ካቦ ላላ ብሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።
ለ. ፔዳሉ ሲለቀቅ የፍሬን ዘይቱ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ መመለስ አለበት።
ሐ. በታምቡሩ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ሸራዎቹን ወደ ውስጥ መሳብ አለባቸው።

ስለዚህ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ካቦ፣ ዘይትና የታምቡሩ ውስጥ። ቀጥሎ ያለው ፍተሻ አንዱን ካንዱ የሚለይ ነው። ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

4. ምልክቶች

• በሜዳ መንገድ ላይ መኪናው በነፃ ማርሽ እንደ ድሮው አይንሸራተትም፤ ቶሎ ይቆማል።
• ነዳጅ ከወትሮው በላይ ይበላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል።
• የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ ከኋላ ይመጣል።
• አንዱ ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ይግላል።
• ታምቡሩ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ቀለም ይይዛል።

5. የጋለውን ጎማ መለየት

ጭነት ሳይኖር፣ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን ሳያበዙ ይንዱ። ሲመለሱ በሞተርና በማርሽ እያዘገዩ ቀስ ብለው ያቁሙ። ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያስጠጉ፤ ሙቀቱን ከርቀት ያነጻጽሩ እንጂ አይንኩ።

• አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ከጋለ፦ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ጎማ ታምቡር ውስጥ ወይም ወደዚያ በሚሄደው ካቦ ላይ ነው።
• ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከጋሉ፣ የፊቶቹ ከቀዘቀዙ፦ የእጅ ፍሬኑን ወይም ወደ ኋላው አክስል የሚወርደውን ተጣጣፊ የፍሬን ቱቦ ይጠርጥሩ።
• አራቱም ከጋሉ፦ ችግሩ ከፔዳሉ ወይም ከማስተር ሲሊንደሩ ነው።
• ሙቀቱ በመካከለኛው እምብርት ላይ ከበዛና ሲነዱ የማጉረምረም ድምፅ ካለ፦ ፍሬን ሳይሆን ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

6. ደረጃ በደረጃ የሚደረግ ፍተሻ

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ተስማሚ መፍቻዎች፣ ካቻቪቴ፣ ሁለት ጠንካራ የእንጨት ጉማጆች፣ አራት ትልልቅ ድንጋዮች፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ አሮጌ ጠርሙስና እርጥብ ጨርቅ። ፔዳል የሚረግጥ አንድ ሰውም ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ፦ መኪናው በደረቅና ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅና ማርሹ ነፃ ስለሚሆን የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያስደግፉ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ከአክስሉ ሥር የእንጨት ጉማጁን ያስገቡ። ብሎኬትና ጡብ በድንገት ስለሚፈርሱ አይጠቀሙ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ሕፃናትም አይቅረቡ።

ደረጃ 1፦ ጎማውን በእጅ ማዞር። ፍሬኑ በርዶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ ጎማውን ያዙሩ። የአክስሉና የካርዳኑ ክብደት ትንሽ ሊሰማ ይችላል፤ ይህ ጤናማ ነው። ጎማው በነፃ ከዞረ ረዳትዎ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ረግጦ ይልቀቅና እንደገና ይሞክሩ። ከዚያም የእጅ ፍሬኑን ስቦ ይልቀቅና ይሞክሩ። ከየትኛው በኋላ ይዞ እንደቀረ ያስታውሱ፤ መልሱ ግማሽ በግማሽ እዚሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ካቦውን ማላላት። ጎማው ከተያዘ የእጅ ፍሬኑ ማስተካከያ ላይ ያለውን ዳዶ ያላሉ። ከማላላትዎ በፊት የነበረበትን ቦታ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ጎማው ከተለቀቀ ጥፋተኛው ካቦው ነው። ካልተለቀቀ ወደ ደረጃ 3 ይለፉ።

ደረጃ 3፦ የዘይቱን ግፊት ማስወጣት። ከጎማው በስተጀርባ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ቀጭኑን ቱቦ ያጥልቁ፤ ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። ፔዳሉን ማንም ሳይረግጥ ብሎኑን በጥቂቱ ይክፈቱና ዘይቱ እየወጣ ሳለ ወዲያው ይዝጉት። ዘይቱ በግፊት ፈንጥቆ ጎማው ከተለቀቀ፣ ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ታስሯል ማለት ነው። ዘይቱ ያለ ግፊት ከተንጠባጠበና ጎማው እንደተያዘ ከቀረ ችግሩ ታምቡሩ ውስጥ ነው። ከዚያ የዘይቱን መጠን ይሙሉ፤ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑንም ያረጋግጡ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፤ አየሩ ሳይወጣ መኪናው አይንቀሳቀስ። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚበላ የፈሰሰውን በውኃ ያጥቡ።

ደረጃ 4፦ ታምቡሩን መክፈት። ካቦውም ዘይቱም ነፃ ከሆኑ ጎማውን ያውልቁ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ በብዙ ፒክ አፖች ታምቡር ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ተስማሚ ብሎን በሁለቱም እያፈራረቁ ሲያጠብቁ ታምቡሩን ገፍተው ያስወጡታል። በመዶሻ አይደብድቡ፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አቧራውን በአፍ ወይም በአየር አይንፉ፤ የአንዳንድ አሮጌ ሸራ አቧራ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። አንዱን ጎማ ብቻ ይክፈቱ፤ ሌላው ሳይከፈት ይቆይ፤ ሞላዎቹ የቱ የት እንደነበር ሲጠፋብዎት እሱን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ቢያነሡ ደግሞ የተሻለ ነው።

7. ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ

7.1 ካቦ ከሆነ። ካቦው በመከለያው ውስጥ ዝጎ አይመለስም፣ ወይም ከሚገባው በላይ ጠብቋል። የጠበቀ ብቻ ከሆነ በመኪናው መመሪያ መሠረት ማስተካከል በቤት ይቻላል። የዛገ ካቦ ግን በዘይት ለጥቂት ቀን ቢላላም ተመልሶ ይይዛል፤ መቀየር አለበት። የሸራው መላላት በካቦ ማጥበቅ አይካካስም። መጀመሪያ ሸራው ይስተካከላል፤ ካቦው መጨረሻ ላይ ነው።

7.2 ዘይቱ ከታሰረ። መጀመሪያ ቀላሉን ይመልከቱ። ከፔዳሉ ሥር የተጣጠፈ ምንጣፍ፣ የደረቀ ጭቃ ወይም የወደቀ ዕቃ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ እንዳይመለስ ሊያደርግ ይችላል። ጤነኛ ፔዳል ሲነካ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ አለው። ይህ ጨዋታ ከሌለ በማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለችው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ተሸፍና ትቀራለች፤ ፍሬኑም በተረገጠ ቁጥር ይበልጥ እየያዘ ይሄዳል። ፔዳሉ ደኅና ሆኖ የኋላዎቹ ብቻ የሚይዙ ከሆነ ተጣጣፊው ቱቦ ከውስጥ አብጦ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ደኅና ይመስላል፤ ውስጡ ግን በእግር ኃይል የሚገፋውን ዘይት ያሳልፍና በራሱ የሚመለሰውን ያግዳል። ማስተር ሲሊንደርና ቱቦ መቀየር የጋራዥ ሥራ ነው።

የዘይቱን ዓይነትም ይመርምሩ። ለውኃ ፓምፕ ወይም ለትራክተር የተቀመጠ የሞተር ዘይት በስሕተት ፍሬን ውስጥ ከተጨመረ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ መንገድ ዘግቶ ፍሬኑን ያስራል። ለመለየት ከዘይቱ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉ። ዶት 3 እና ዶት 4 ከውኃ ጋር ይዋሐዳሉ፤ የሞተር ዘይት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ መኪናው ወደ ጋራዥ እየተነዳ ሳይሆን ተጭኖ ወይም ተጎትቶ ይሂድ፤ መሥመሩ ታጥቦ ጎሚኒዎቹ ሁሉ መቀየር አለባቸው። ብርጭቆው ከዚያ በኋላ ለመጠጥ አይውልም።

7.3 የታምቡሩ ውስጥ ከሆነ። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይመልከቱ፦

• ሞላዎች፦ የተሰበረ፣ የተለጠጠ ወይም በሙቀት ቀለሙ የተለወጠ ሞላ ይቀየራል፤ በሽቦ አይታሰርም።
• ሸራ የሚንሸራተትባቸው ነጥቦች፦ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ሙቀት የሚችል ግሪስ በጣም ጥቂት ይቀቡ። ግሪሱ ሸራውንና የታምቡሩን ውስጥ አይንካ።
• የጎማው ሲሊንደር፦ የላስቲክ ሽፋኑን በቀስታ ገለጥ ያድርጉ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ያፈሳል፤ ፒስተኑ ዝጎ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ተጣብቋል። በሁለቱም ሁኔታ ይቀየር።
• ሸራው፦ ዘይት የነካው፣ የተሰነጠቀ ወይም እንደ መስታወት ያብለጨለጨ ሸራ በግራም በቀኝም አብሮ ይቀየራል። በቤንዚን አጥቦ መመለስ መፍትሔ አይደለም፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል።
• ማስተካከያው፦ ሸራው ከመጠን በላይ ተጠግቶ ከሆነ ጥርሳማውን ማስተካከያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስ ይመልሱት። ሸራው ታምቡሩን ለስለስ ብሎ ቢነካ ችግር የለውም፤ መያዝ ግን የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ የጎማውን ዳዶዎች እያፈራረቁ ያጥብቁ። ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ባዶውን መኪና በሜዳ መንገድ በዝግታ ይሞክሩ። በክፍል 5 የተገለጸውን የሙቀት ማነጻጸር እንደገና ያድርጉ። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ተመሳሳይ ሙቀት ካልያዙ ጭነት አይጫን።

አንድ መከልከል ያለበት ልማድ አለ፤ የጋለውን ጎማ የፍሬን ቱቦ ቆልምሞ ወይም ደፍኖ "ለጊዜው" መንዳት። ጎማው መጋሉን ያቆማል፤ መኪናው ግን ከኋላ በአንድ ጎማ ብቻ ስለሚይዝ ቁልቁለት ላይ ወደ ጎን ይሳባል። ይህ ጥገና አይባልም።

8. በተሽከርካሪ ዓይነት ያለ ልዩነት

• ብዙዎቹ ቀላል አይሱዙ የጭነት መኪኖች የእጅ ፍሬናቸው በኋላ ጎማ ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው በስተኋላ በካርዳኑ ላይ ነው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ይዞ ሲቀር የሚግለው በመኪናው መካከል ያለው ትንሽ ታምቡር ነው። የኋላ ጎማው ከጋለ ዘይቱንና የጎማውን ታምቡር ይመርምሩ።
• በባጃጅም የእግር ፍሬኑ በዘይት፣ የእጅ ፍሬኑ በካቦ የሚሠራ ከሆነ ከላይ ያሉት ደረጃዎች ያገለግላሉ።
• በአየር ፍሬን የሚሠሩ ትልልቅ የጭነት መኪኖችን በቤት አይክፈቱ። በአየር ቋቱ ውስጥ የታመቀው ሞላ ድንገት ቢፈናጠር ሰው ይገድላል።

9. መከላከል

• ኤንፒኤስና ዩሪያ ማዳበሪያ እርጥበት ይስባሉ፤ ብረትም ያዝጋሉ። ማዳበሪያ ወይም ከብት ከተጫነ በኋላ የመኪናውን ሥር፣ በተለይ የካቦውን መሥመር በንጹሕ ውኃ ያጥቡ።
• በክረምት ጭቃና ጎርፍ ካቋረጡ በኋላ በሜዳ ላይ ፔዳሉን በቀስታ እየረገጡ ሸራውን ያድርቁ።
• መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ በማርሽና በድንጋይ ያስደግፉት፤ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። በደሴ ብርድና እርጥበት ሸራ ከታምቡር ጋር ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።
• የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር። ተከፍቶ የከረመ ዘይት አይጨመር።
• በሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ገና ከላይ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ማርሽ ነፃ አድርገው አይውረዱ። ፍሬኑን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ረገጥ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱና ይልቀቁ።

10. መንገድ ላይ ቢግልስ?

ሽታው ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ማርሽ እየቀነሱ ደልዳላና ከመንገድ የወጣ ቦታ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለው ሸራና ታምቡር እንደተያያዙ ሊቀሩ ይችላሉ። ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ፤ ተሳፋሪ ይውረድ። በጋለው ታምቡር ላይ ውኃ አይድፉ፤ ይሰነጠቃል። ጎማው ራሱ በእሳት ከተያያዘ ግን ከሩቅ ሆነው ማጥፋት ወይም ከአካባቢው መራቅ ይቀድማል። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይጠብቁ። ከበረደ በኋላ ፔዳሉ ቢመለስም ምክንያቱ አልጠፋም፤ ጭነቱ በሌላ መኪና ይሂድ። ድንቹ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጎድለው ዋጋ ነው፤ ሰው ግን አይተካም።

11. የቡድን ልምምድና የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. በየልማት ቡድናችሁ መኪና ወይም ባጃጅ ያለውን አንድ አባል መርጣችሁ የክፍል 5 ፍተሻን ያለ ጭነት አብራችሁ አድርጉ፤ የአራቱንም (የባጃጅ ከሆነ የሦስቱንም) ጎማዎች ሙቀት አነጻጽሩ።

ለ. የአንድ አርሶ አደር ፒክ አፕ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይግላሉ እንበል። ካቦው ቢላላም አልለቀቁም፤ የአየር ማስወጫው ብሎን ሲከፈት ግን ዘይቱ ፈንጥቆ ጎማው ተለቀቀ። ፔዳሉ ጤነኛ ጨዋታ አለው። ጥፋተኛው ማን ነው? ሥራው የቤት ነው ወይስ የጋራዥ?

ሐ. በቤታችሁ የፍሬን ዘይትና የሞተር ዘይት የሚቀመጡት አንድ ላይ ነው? እንዳይቀላቀሉ ምን ታደርጋላችሁ?

መ. ከእናንተ መካከል ማን ነው ነገ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው? ከመጫኑ በፊት ጎማውን አንሥቶ ያዙር።